ዐቃቤ ሕጉ በደለኝ ለሚል ሰው

ከቆቦ እስከ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገደኛ በመኪና ተሳፍሮ ሮቢትንና ጎብዬን እያለፈ ብዙም ሳይሰለች ይደርሳል። ወንድሙ ተፈርዶበት ወህኒ የወረደበት የራያ ሰው ግን ይህን መንገድ የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በቀን ቍጥር ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት፥ ይግባኝ ባይ ፍርዱ በተነገረ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለቱን ያስታውቅ፤ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰው በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማመልከቻውን ያግባ ሲል በ187ኛው አንቀጽ ይደነግጋል። 15 ቀን በማሽላ አጨዳ ወራት ምን ያህል አጭር እንደ ሆነ ለቆላ ገበሬ መንገር አያስፈልግም።

እነዚህ ቀኖች ሲሮጡ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ የሚነጋገረውን ሁላችንም ሰምተነዋል። ዳኛውን የሚወቅስ ጥቂት ነው፤ የሚወቀሰው ዐቃቤ ሕጉ ነው። ምስክር አስጠና፤ ለኛ የሚናገረውን ሰው ሳይጠራ ቀረ፤ በችሎት መካከል ልጃችንን ሽፍታ ብሎ ሰደበው፤ ይባላል። ይህ አቤቱታ አንዳንድ ጊዜ የንዴት ወሬ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ፍጹም እውነት ነው። የሚያሳዝነው፥ እውነት የሆነውም ቢሆን ወልድያ ሲደርስ እንደ ወሬ ተቈጥሮ መቅረቱ ነው። ስለ ምን እንደዚህ እንደሚሆን እንመልከት።

በመጀመሪያ ዐቃቤ ሕግ ማን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። በጥንት ዘመን በአገራችን ሙግት ዐቃቤ ሕግ የሚባል ሰው አልነበረም። ወንድሙ የተገደለበት ሰው ራሱ ከሳሽ ሆኖ «በላ ልበልሃ» እያለ፥ በቅሎና ማር እየተወራረደ ይሟገት ነበር። ነገሩ ከአጥቢያ ዳኛ ተነሥቶ እስከ አፈ ንጉሡና እስከ ዙፋን ችሎት ሊደርስ ይችላል፤ ዳር እስከ ዳር ግን ሁለቱ ባላጋራዎች ፊት ለፊት ነበሩ። የመንግሥት ከሳሽ በየፍርድ ቤቱ የቆመው ጣሊያን ከአገር ከወጣ በኋላ ነው። የቀድሞው ልማድ ግን ከሰው ልብ አልወጣም። ዛሬም ቢሆን የሟች ወገን ዐቃቤ ሕጉን «ጠበቃችን» ይለዋል፤ የተከሳሽ ወገን ደግሞ «የነ እገሌ ሰው» ይለዋል። ከሁሉ የሚከፋው፥ አንዳንዱ ዐቃቤ ሕግ ራሱም እንዲሁ የሚያስብ መሆኑ ነው።

ሕጉ እንዲህ አይልም። የዚያው ሥነ ሥርዓት 136ኛ አንቀጽ፥ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን በሚከፍትበት ጊዜ የሚያስረዳውን ነገርና የማስረጃውን ዐይነት ባጭሩ ይግለጽ፤ ይህንንም ሲያደርግ አድልዎ በሌለበትና በትክክለኛ አኳኋን ያድርግ ይላል። አሜሪካኖችም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1935 በጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በርገር በተባለው ሰው ነገር የወሰኑት ከዚህ አይርቅም፤ የመንግሥት ከሳሽ ጥቅሙ ክሱን መርታቱ ሳይሆን ትክክለኛ ፍርድ መሰጠቱ ነው ብለዋል። እንግዲህ ዐቃቤ ሕግ ቢረታም ባይረታም ደመወዙ አንድ ነው። የሟች ዘመድ ይህን ሲሰማ ይከፋው ይሆናል፤ ነገሩ ግን ይኸው ነው።

በራያ ቆቦ ይህ ግዴታ ከሌላው አገር ይልቅ የሚፈተንበት ምክንያት አለ። ደም በፈሰሰ ጊዜ ነገሩ በሁለት ሸንጎ ይታያል። አንዱ የመንግሥት ፍርድ ቤት ነው። ሁለተኛው ሽማግሎች፥ ቄሶችና ሼኾች ባንድነት የሚቀመጡበት፥ ዘወልድ የሚባለው የዕርቅ ሥርዓት ነው። ሽማግሎቹ ካሣውን ቈርጠው፥ አማምለው፥ ደሙን ካደረቁ በኋላ፥ ለፖሊስ ሁሉን ነገር አይቻለሁ ብሎ ቃሉን የሰጠው ጎረቤት ችሎት ፊት ሲቆም «አላየሁም፤ አልሰማሁም» ይላል። ይህ ሰው ሁልጊዜ ውሸታም አይደለም። ቃሉን ቢደግመው የታረቀው ደም እንደ ገና የሚነሣ፥ ነገ ደግሞ የሌላ እናት ልጅ የሚወድቅ ይመስለዋል። ዐቃቤ ሕጉ በበኩሉ ገዳይ በነጻ ሊሄድ ነው ብሎ ይጨነቃል፤ በእጁ ያለው ማኅደር ግን ሲሳሳበት ያያል። ሰውዬው የሚፈተነው ያን ጊዜ ነው። የቀረውን አንድ ምስክር ሊያስጠና ይችላል፤ «ተከሳሹን ጥይት ሲተኩስ አይተኸዋል አይደለም?» ብሎ መልሱን በጥያቄው ውስጥ ሊያጐርሰው ይችላል፤ ከፖሊስ ማኅደር ውስጥ ለተከሳሽ የሚጠቅመውን ወረቀት ሳያወጣ ሊቀር ይችላል፤ ወይም ተከሳሹ ከዓመታት በፊት የተፈረደበትን ሌላ ወንጀል ጣልቃ አስገብቶ ለዳኛው ሊያሰማ ይችላል። ሁሉም ዐቃቤ ሕግ ይህን ያደርጋል አንልም፤ የሚያደርገው ግን የሚያደርገው በዚህ መንገድ ነው።

ከነዚህ ውስጥ አብዛኞቹን ሕጉ በግልጽ ከልክሏል። ከሳሽ የራሱን ምስክር በመሪ ጥያቄ ሊጠይቅ አይገባም። የተከሳሽ የቀድሞ ጥፋት፥ ሕግ ካልፈቀደ በቀር፥ ጥፋተኛ መባሉ ሳይነገር ለዳኛ አይገለጽም። የማስረጃው መደበቅ ነገር ግን ቀዳዳ አለበት። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ፥ የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማናቸውንም ማስረጃ ለማየትና ምስክሮቹን ለመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። አንባቢ ልብ ይበል፤ የተባለው «የቀረበበትን» ነው። ሳይቀርብ በዐቃቤ ሕጉ መሳቢያ ውስጥ የቀረውስ? አሜሪካኖች ይህን በ1963 ብሬዲ በሚባለው ሰው ነገር ቈርጠውታል፤ ለተከሳሽ የሚጠቅም ማስረጃ በከሳሽ እጅ ካለ ይሰጠው ብለዋል። በኛ አገር የተጻፈው የቅርቡ መድኃኒት የሥነ ሥርዓቱ 145ኛ አንቀጽ ነው። ምስክሩ ለፖሊስ የሰጠውን ቃል ዳኛው እንዲመለከተው ተከሳሽ መጠየቅ ይችላል፤ ዳኛው ለትክክለኛ ፍርድ የሚጠቅም መስሎ ከታየው ግልባጩን ለተከሳሽ ያሰጠዋል፤ በዚያም የምስክሩን እምነት ማፍረስ ይቻላል። በቆቦም ሆነ በሌላ ስፍራ ይህን አንቀጽ የሚጠቅስ ተከሳሽ ስንት ነው? ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅ።

የተደበቀ ወረቀት ምን ሊያደርስ እንደሚችል ለማየት ራቅ ብለን ወደ አሜሪካ፥ ወደ ኦክላሆማ እንሂድ። የሪቻርድ ግሎሲፕ ነገር ይግባኝ ለሚል ሰው ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ነው።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1997 መጀመሪያ ላይ በኦክላሆማ ከተማ የአንድ የመንገደኛ ማደሪያ ባለቤት ተገደለ። ገዳዩ በዚያው ቤት የጥገና ሥራ ይሠራ የነበረ ጀስቲን ስኒድ የሚባል ወጣት ነበር፤ እርሱም መግደሉን አልካደም። ነገር ግን «ገንዘብ እሰጥሃለሁ፥ ግደለው ያለኝ ሥራ አስኪያጁ ግሎሲፕ ነው» ብሎ መሰከረ። በዚህ ምስክርነቱ ከሞት ዳነ፤ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ግሎሲፕ ግን በ1998 ሞት ተፈረደበት። ጠበቃው በሚገባ አልተከላከለለትም ተብሎ ያ ፍርድ በ2001 ተሻረ፤ በ2004 እንደ ገና ተከሶ እንደ ገና ሞት ተፈረደበት። ከዚያ በኋላ የመሞቻው ቀን ተቈርጦ የተላለፈበት ጊዜ ብዙ ነው። የመጨረሻውን ራት ብቻ ሦስት ጊዜ በልቷል። በመስከረም 2015 ሊገደል ጥቂት ሰዓት ሲቀረው፥ ለግድያው የመጣው መድኃኒት የታዘዘው አይደለም ተብሎ ቀረለት። የሰው ነፍስ በመድኃኒት ስሕተት መትረፏ ያስቃልም ያስለቅሳልም።

ግሎሲፕ በነዚህ ዓመታት ሁሉ ንጹሕ ነኝ ይል ነበር። ንጹሕ ነኝ ማለት ግን የይግባኝ ማስረጃ አይደለም። ነገሩ የተለወጠው በ2023 ከዐቃቤ ሕጉ መሥሪያ ቤት አንድ ሣጥን ወረቀት ለጠበቆቹ በተሰጠ ጊዜ ነው። በሣጥኑ ውስጥ ዐቃቤ ሕጓ በእጇ የጻፈችው ማስታወሻ ተገኘ። ስኒድ በእስር ቤት ሳለ የአእምሮ ሐኪም አይቶት ሊቲየም የሚባለውን መድኃኒት እንዳዘዘለት የሚያመለክት ነበር። በችሎት ግን ስኒድ የአእምሮ ሐኪም ከቶ አይቼ አላውቅም ብሎ በመሐላ ተናግሯል፤ ዐቃቤ ሕጓም ሰምታ አላረመችውም። ማስታወሻው በተገኘ ጊዜ የኦክላሆማ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጀንትነር ድራመንድ መሥሪያ ቤታቸው ማጥፋቱን አምነው ፍርዱ እንዲሻር ጠየቁ። ከሳሽ ከተከሳሽ ጐን ሲቆም የሚታየው በስንት ዘመን አንድ ጊዜ ነው! የኦክላሆማ ፍርድ ቤት እንኳ ይህን ሰምቶ አልቀበልም አለ። በመጨረሻ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ2004ቱን ፍርድ ሽሮ ነገሩ እንደ ገና ይታይ ሲል ወሰነ።

ለኛ የሚጠቅመው ፍርድ ቤቱ የጠየቀው ጥያቄ ነው። ዐቃቤ ሕጓ ተከሳሹን ትጠላው ነበርን ብሎ አልጠየቀም፤ ስለ ጠባይዋም አልተከራከረም። የጠየቀው ሁለት ነገር ነው። ከሳሽ ምስክሩ ሐሰት መናገሩን እያወቀ ዝም ብሏልን? ያ ሐሰት ቢታረም ኖሮ ፍርዱ ሊለወጥ ይችል ነበርን? ነገሩ በሙሉ የቆመው በስኒድ ቃል ላይ ስለ ሆነ ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነበር። ሌላ አሥር ምስክር ቢኖር ኖሮ ግን ያው ማስታወሻ ምንም ላያመጣ በቻለ። ዐቃቤ ሕግ አጥፍቷል ማለት ብቻውን ፍርድ አያስለውጥም፤ ጥፋቱ ፍርዱን ነክቶታል ማለትም ያስፈልጋል።

በአገራችንም የከሳሽ ማስረጃ በኋላ ሲገለጥ ጕድ የታየበት ነገር አለ። በሰኔ ወር 2003 ዓ.ም. ማርቲን ሺብዬና ዮሐን ፔርሾን የሚባሉ ሁለት የስዊድን ጋዜጠኞች በኦጋዴን ተይዘው በሽብር ወንጀል ተከሰሱ። ዐቃቤ ሕግ በማስረጃነት ካቀረበው ውስጥ ፊልም ነበረበት። በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. እያንዳንዳቸው 11 ዓመት ተፈረደባቸው። በኋላ አብዱላሂ ሁሴን የተባለ በክልሉ ቴሌቪዥን የሠራ ሰው ብዙ ፊልም ይዞ ወደ ስዊድን ተሰደደ፤ ያልተቈረጠው ፊልም በታየ ጊዜ ትዕይንቱ ከተያዙ በኋላ በባለሥልጣን ትእዛዝ የተቀነባበረ መሆኑ ተገለጠ። ይህ ግን የተገለጠው ጋዜጠኞቹ ከወጡ በኋላ ነው። እነርሱ ይግባኝ አላሉም፤ ይቅርታ ጠይቀው በ2005 ዓ.ም. ዋዜማ ተለቀቁ።

በምሕረት መውጣታቸውን የሚነቅፍ የለም። ቤተ ሰብ የሚጠብቀው እስረኛ ፈጥኖ የሚከፈተውን በር ይመርጣል። ነገር ግን ይቅርታ የሚለምን ሰው ጥፋቴን አምኛለሁ ብሎ ነው የሚለምነው፤ ያን ጊዜ ስለ ከሳሹ አሠራር ያለው አቤቱታ ይዘጋል፤ ማንም ዳኛ አይመረምረውም። ይቅርታም እንደ ፍርድ የጸና አይደለም። የቅንጅት መሪዎች በሐምሌ 1999 ዓ.ም. የይቅርታ ደብዳቤ ፈርመው ወጥተው ነበር፤ ከነርሱ አንዷ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ግን ስለዚያው ይቅርታ በተናገሩት ነገር በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ተመልሰው ታሰሩ፥ የዕድሜ ልኩ ፍርድም ተመለሰባቸው፤ የተፈቱት በመስከረም 2003 ዓ.ም. ነው። ራሳቸው ዳኛ የነበሩ፥ ሕግ የተማሩ ሰው ናቸው። ሕግ ያልተማረ ገበሬ «ፈርም፥ ትወጣለህ» ሲባል ምን እየፈረመ እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ሊኖር ይገባል።

አሁን ወደ ቆቦ እንመለስ። በየፍርድ ቤቱ በር ጥላ ሥር ከሚቀመጡት ማመልከቻ ጻፊዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ንግግር ይሰማል።

«አባባ፥ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ልጄ፥ ዐቃቤ ሕጉ ከነሱ ጋራ በልቶ ጠጥቶ ነው የፈረደብን በልልኝ።»

«የፈረደው ዳኛው አይደለም እንዴ?»

«ዳኛውማ ምን ያድርግ፤ እሱ ያቀረበለትን ነዋ!»

ሽማግሌው በመጨረሻው ቃላቸው ትልቁን ነገር ተናግረዋል፤ ጻፊው ግን የሚጽፈው የመጀመሪያውን ነው። ሦስት ገጽ ስድብና እንባ ይሞላና ወልድያ ይላካል። የይግባኝ ማመልከቻ የተቃውሞ ምክንያቶቹን ባጭር ባጭሩ፥ አንዱን ካንዱ ለይቶ የሚያስረዳ መሆን አለበት። «ዐቃቤ ሕጉ አድሏል» የሚል ቃል ለይግባኝ ሰሚ ዳኛ ባዶ ቃል ነው። «2ኛው የዐቃቤ ሕግ ምስክር ለፖሊስ ጨለማ ስለ ነበረ ፊቱን አልለየሁም ብሎ ነበር፤ በችሎት ግን ለይቼዋለሁ አለ፤ የፖሊሱ ቃል እንዲታይ ብንጠይቅ ሳይታይ ቀረ፤ ከዚህ ምስክር በቀር ያየ ሰው የለም» የሚል ግን መዝገብ ያስገልጣል።

መዝገብ ስንል ዋናው ችግር ይመጣል። በኛ ፍርድ ቤት የምስክር ቃል በተለምዶ የሚጻፈው በትረካ ነው፤ ምስክሩ እንዲህ አለ እየተባለ ይወርዳል፥ ጥያቄው አይጻፍም። ስለዚህ ዐቃቤ ሕጉ መልሱን በጥያቄው ውስጥ አጕርሶ ቢጠይቅ፥ ወልድያ ያለው ዳኛ የሚያገኘው ምስክሩ በገዛ አፉ የተናገረ የሚመስል ንጹሕ ትረካ ነው። ጕርሻው ቆቦ ይቀራል። ሕጉ ግን ዳኛው ሲፈልግ አንዱን ጥያቄና መልስ እንዳለ ሊጽፈው ይችላል ይላል። እንግዲህ ተከሳሹ ወይም ጠበቃው እዚያው፥ በዚያው ሰዓት ተነሥቶ «ክቡር ፍርድ ቤት፥ ይህ ጥያቄ መሪ ጥያቄ ስለ ሆነ እቃወማለሁ፤ ጥያቄውም ተቃውሞዬም ይጻፍልኝ» ማለት አለበት። ዳኛው ተቃውሞውን ባይቀበለው እንኳ ግድ የለም፤ ተጽፎ ይሄዳል። በችሎት አንገቱን ደፍቶ ያለፈውን ነገር በይግባኝ ጊዜ የሚያነሣ ሰው «ያን ጊዜ ስለ ምን አልተቃወምህም?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ የሚመልሰውም የለውም። የራያ ሰው ዳኛ ፊት ቀጥ ብሎ መናገር የማያውቅ ሰው አይደለም፤ ብቻ የሚቈጣበትን ጊዜና የሚቃወምበትን ጊዜ ይለይ።

ችሎቱ በአማርኛ ሲሆን በዞብል በኩል ከቆላው የመጣ አፋርኛ ወይም ኦሮምኛ ተናጋሪ ምስክር በአስተርጓሚ ይሰማል፤ ትርጓሜው የተጣመመ መስሎ ከታየም እንዲሁ ወዲያው ማጻፍ ነው። ይህ የዐቃቤ ሕግ ጥፋት ስላልሆነ ከዚያ ጋራ አይቀላቅሉት።

ነገሩ በቆቦ ወረዳ ፍርድ ቤት የተፈረደ እንደ ሆነ ይግባኙ የሚታየው በወልድያ፥ በሰሜን ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። እንደ ከባድ ግድያ ያለው ግን ከመጀመሪያው በከፍተኛው ፍርድ ቤት ስለሚታይ ይግባኙ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሰበር የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው፤ እርሱም መሠረታዊ የሕግ ስሕተት መኖሩን ይመረምራል እንጂ ምስክር ማመንና አለማመን ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የማስረጃው ነገር ሁሉ በይግባኙ ላይ ተጠቃሎ ይነገር፤ ለሰበር ብሎ ያቆየው ሰው ሳይናገረው ይቀራል።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦንና ወልድያን ባዳረሰ ጊዜ በአካባቢው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፥ ወድመዋልም። ወረቀት ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጠፋ ያገሬው ሰው ከማንም ይልቅ አይቶታል። የክሱን ወረቀት፥ የምስክሮቹን ዝርዝር፥ ያስገቡትን ማመልከቻ ሁሉ አንድ ቅጂ ቤት፥ አንድ ቅጂ ከታመነ ዘመድ ዘንድ ማስቀመጥ ነው። የፍርዱን ግልባጭ ከመዝገብ ቤት ሲቀበሉም ማኅተሙን ብቻ አይተው አይሂዱ፤ የተሰጠበት ቀን በላዩ እንዲጻፍበት ያድርጉ፤ 30ው ቀን መቈጠር የሚጀምረው ከዚያ ነውና።